የዋርካው ሥር ስምንት ወንበሮች

ጋሼ ይበልጣል ማረፋቸውን የሰማሁት ደጃፌ ላይ ቆሜ ነው። የጎረቤቴ የወርቄ ልጅ ደሴ ባጃጁን አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ "እትዬ የሺ፣ ታፔላ ጻፊው ሰውዬ ሞጣ ላይ አረፉ አሉ። ከተቀበሩም ሳምንት ሆኗቸዋል" አለኝ።

"ብርቱካን የት ናት?" አልኩት።

"ትምህርት ቤት ናታ! ምን ነካዎት? ጠዋት እኔው አይደለሁ ያደረስኳት?"

ሰው ሞተ ሲባል ነፍስ ይማር ነው የሚባለው። ከእኔ አፍ ቀድሞ የወጣው ግን የልጄ ስም ነው። ደሴ ከሄደ በኋላም ነጠላዬን ጣል አድርጌ ትምህርት ቤት ድረስ ሄድኩ። በመስኮት በኩል አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ አይቻት ተመለስኩ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ብታየኝ በእኔ ታፍር ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ለመናገር ጋሼ ይበልጣልን ከሥራቸው መጀመር አለብኝ።

ቢቸና ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቱ ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። የመድኃኒት ቤቱ ታፔላ፣ የፀጉር ቤቱ ታፔላ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ጥቅስ፣ ሁሉም የእሳቸው እጅ ነው። የሞጣ ተወላጅ ናቸው። ሚስት አላገቡም፣ ልጅም አልነበራቸውም። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ዕድሜ ልኩን ቀለም እስኪደርቅ ሲጠብቅ የኖረ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ በእሳቸው ነው ያየሁት፤ እጃቸውን ከሁሉም ነገር አርቀው፣ ጉልበታቸው ላይ አንጠልጥለው ይቀመጣሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ለመሳል ሲፈልጉ ፊቱን አያዩም። "እስቲ ዞር በል፤ ጥቂት ሂድልኝ" ይሉታል። ሰውየው ሲሄድ ጀርባውን ያያሉ። ለምን ሲባሉ፣ "ፊቱንማ ሁሉም ያበጀዋል። ጀርባውን ማን ያበጃል?" ይላሉ። እኔ ከሱቃቸው ስወጣ ሁልጊዜ ጀርባዬን ይበርደኝ ነበር። አንዳንዴ የረሳሁት ነገር ያለ አስመስዬ ወደ እሳቸው ዞሬ፣ በጎን በጎን እሄድ ነበር።

ከቀለም ቆርቆሮዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ የውጭ አገር የሥዕል መጻሕፍት ነበሯቸው። ባሕር ዳር በሄዱ ቁጥር ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች የሰበሰቧቸው ናቸው፤ ገሚሶቹ ሽፋን የላቸውም። የሚበሩ ሰዎች፣ ግድግዳ የሚያፈርሱ ሰዎች፣ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ቡድን ሆነው የሚዋጉባቸው ታሪኮች ናቸው። ከትምህርት በኋላ ልጆች ተሰብስበው ይመጣሉ፤ እሳቸው እያነበቡ ወደ አማርኛ ይመልሱላቸዋል። ልጄን ብቻዋን መንገድ ላይ ስለማልለቅ እኔም በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ እውነቱን ለመናገር እንደ ልጆቹ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር የማዳምጠው።

አንድ ቀን አንዱ ልጅ፣ "ጋሼ፣ ይኼኛው በፊተኛው መጽሐፍ ላይ ሞቶ አልነበር?" አላቸው።

"ሞቶ ነበር።"

"ታዲያ እንዴት ቆሞ ይዋጋል?"

"እሱ አይደለም። ልብሱ ነው የእሱ። ውስጡ ያለው ሌላ ሰው ነው።"

"ውሸት!"

"አባትህ የማርያም ማኅበርተኛ አልነበሩም? ሲያርፉ በወንበራቸው ላይ ማን ተቀመጠ?"

"ታላቅ ወንድሜ።"

"ታዲያ!"

ሌላኛዋ ልጅ ብድግ ብላ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ወንድምየው ጀግና ሆኗል! በጠላ ኃይል ነው የሚበረው!" አለች። ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ጋሼ ይበልጣልም ሳቁ፤ ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"ቡድን ማለት ማኅበር ነው። አንዱ ይደክመዋል፣ አንዱ ይጣላል፣ አንዱ ይሞታል። ታሪኩን የሚያስኬደው ጠላታቸው እንዳይመስላችሁ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው ነው። ሰው ያልፋል፣ ወንበሩ ግን ይቆያል።"

ከጊዜ በኋላ የራሳቸውን መሳል ጀመሩ። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ በጥቁር ቀለም፣ ገጹ በመስመር ተከፋፍሎ። ከከተማው ዳር ባለች ዋርካ ሥር ስምንት ወንበሮች አሉ። በወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። ሻይ ቤት ያላት አለምነሽ ነበረች፤ የእሷን ሻይ የጠጣ ሰው የረሳውን ሁሉ ያስታውሳል። ደሴ ነበር፤ ባጃጁ ዐባይን በውኃው ላይ ያቋርጣል። እንዲህ እያለ ስምንት ይሞላል። ዘጠኝ ሆነው አያውቁም፣ ሰባትም ሆነው አያውቁም። ደብተሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ማንም ወደ ቤቱ አይወስደውም፤ እዚያው ቆሞ አንብቦ ይሄዳል። አዲስ ደብተር ሲወጣ ትልልቅ ሰዎችም ሥራቸውን ጥለው ይመጡ ነበር። ማን አለበት፣ ማንስ የለበትም ለማየት ነው።

በየደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ከስምንቱ አንዱ ከወንበሩ ተነሥቶ በግማሽ ዞሮ ይሳላል። ይህ ማለት በሚቀጥለው ደብተር ይወጣል ማለት ነው። ሲወጣም አይገደልም፣ አይወድቅም። ጀርባውን ሰጥቶ በመንገድ ይሄዳል፤ በቃ።

መጀመሪያ በግማሽ የዞረችው አለምነሽ ነበረች። ያን ሰሞን አለምነሽ ብርጭቆዎቿን እያወጣች ላገኘችው መስጠት ጀመረች። "ምን ልትሆኚ ነው?" ሲሏት፣ "እንጃ፣ ዝም ብሎ በዛብኝ" ትላለች። ሁላችንም ልትሄድ ነው ብለን ጠበቅን። አዲሱ ደብተር ሲወጣ ግን አለምነሽ ከወንበሯ ወርዳ ከዋርካው ማዶ ሻይዋን ትቀዳለች፤ በወንበሯ ላይ የተቀመጠው ከዚያ በፊት በደብተሩ ውስጥ ያልነበረው የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ዘበናይ ነው። እሱም በዚያው ደብተር መጨረሻ ዞረ። በሚቀጥለው ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። አሥር ቀን እንኳ አልሞላም፣ ዘበናይ ወፍጮው እየዞረ፣ የሴቶቹ ጤፍ እየተፈጨ፣ በጓሮ በር ወጣ። ሴቶቹ ሽንት ቤት የሄደ መስሏቸው ጠበቁት። እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ አየሁት ያለም የለም። አለምነሽ ግን በማግስቱ አዲስ ብርጭቆ ገዛች።

ልጆቹ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት። "ጋሼ የሳሉት ይሆናል" አሉ። ትልልቆቹ ሳቅንባቸው። ሳቅንና ደብተሩን ለማየት ከበፊቱ ፈጥነን መሄድ ጀመርን።

ቀጥሎ የዞረው ደሴ ነው። ወርቄ ባሏ የሞተባት፣ ከደሴ ሌላ ማንም የሌላት ሴት ናት። ልጁ ያን ጊዜ ተሳፋሪ መጫን ተወ። ባጃጁን ወደ ደጀን በሚያስወጣው መንገድ ዳር አቁሞ፣ ፊቱን ወደ ውጭ መልሶ ይውላል። ሰው ገብቶ ተቀምጦ "ንዳ እንጂ!" ቢለው አይሰማም። ወርቄ ሰውነቷ አለቀ። በኋላ አዲሱ ደብተር ወጣ፤ ደሴ ከወንበሩ ወርዷል። በማግስቱም እንደ ድሮው እየጮኸ፣ ሰው እያሳቀ ሥራውን ጀመረ።

በደሴ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጄ ብርቱካን ነበረች።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኃይሏ ጥላዋ ነው፤ ከእሷ ቀድሞ ሄዶ፣ ያለውን አይቶ፣ ተመልሶ ይነግራታል። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። እኔን እናቷን ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ፣ "የጀግናዋ እናት!" ይለኝ ነበር። ብርቱካንም ስትሄድ ጥላዋን እያየች ትስቃለች። የመጨረሻውን ገጽ እስክገልጥ ድረስ ነው ይህ ሁሉ። ገለጥኩት። ልጄ ከወንበሩ ተነሥታ በግማሽ ዞራለች።

እሑድ ቀትር ላይ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ጥላ የሚባል ነገር በሌለበት ሰዓት ብርቱካንን ከቤት አጣኋት። ስወጣ የግቢውን በር ከፍታ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ቆማለች።

"ብርቱካን! ዛሬ እኮ እሑድ ነው። የት ልትሄጂ ነው?"

"የትም።"

"ማን ጠራሽ?"

"ማንም አልጠራኝም፣ እማ። መቆሜ ነው።"

እጇን ስይዘው በረዶ ነበር፤ በዚያ ፀሐይ። በማግስቱም ቀትር ላይ ያው ሆነ፤ ከትምህርት ቤት ወጥታ አስፋልቱ ዳር ቆማ አገኟት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ምንም የላትም አሉኝ። ጠበል ሰባት ቀን አስጠመቅኳት። ከጠበሉ በተመለስን ዕለት፣ በዚያው በቀትር ሰዓት፣ በሩ ላይ ቆማለች። አንድ ቀን በሩን ቆለፍኩት። ፊቷን ወደ ተቆለፈው በር አድርጋ፣ እንደ ተከፈተ ሁሉ፣ ከማዶ ያለ ነገር ስታይ ዋለች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ወርቄ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ዐይኔን አላየችም። "ሂጂና ለምኛቸው" አለችኝ። "ይሰማሉ።"

ሄድኩ። ጋሼ ይበልጣል ለዳቦ ቤት ታፔላ ቢጫ ቀለም እያማሰሉ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ።

"ጋሼ፣ ልጄን ያውጡልኝ። ከዚያ ደብተር ያውጡልኝ።"

"እኔ ማንንም አላስወጣም፣ የሺ። የማየውን ነው የምስለው። የሚሄድ ሰው ጀርባው ቀድሞት ይሄዳል።"

"ታዲያ አለምነሽን እንዴት መለሷት? ደሴንስ?"

ቀለሙን አማሰሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይመለከቱ እንዲህ አሉኝ፦

"የማኅበር ሥርዓት ታውቂያለሽ። የሚለቅ ሰው ምትኩን ያቀርባል። ወንበሩ ባዶውን አያድርም። በማን ልተካት?"

ስሞች መጡብኝ፤ አልዋሽም። ሲሞት ማን ያለቅስለታል፣ ማንስ አያለቅስለትም እያልኩ ሰፈሩን ቤት ለቤት በሐሳቤ ዞርኩ። እኔ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞር ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን የሰፈሩን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አንሥቼ አስቀመጥኩ። እሳቸው ያማስላሉ። እንጨቱ የቆርቆሮውን ጎን ሲመታ ይሰማኛል። በመጨረሻ ቀና ስል ከፊቴ ያለው ሰው እሳቸው ናቸው።

"በእርስዎ" አልኩ።

እንጨቱ ቆመ።

"አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው፣ ጋሼ። በእርስዎ ይተኩልኝ።"

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ቆሞ የመጣ ሰው፣ መቀመጫ ሲለቀቅለት የሚያሳየውን እፎይታ ነው።

"እሺ" አሉኝ። "በይ ሂጂ። አይዞሽ፣ ጀርባሽን አላይም።" ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ከዚያ ሱቅ ሳይበርደኝ የወጣሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አዲሱ ደብተር በሳምንቱ ወጣ። ብርቱካን ከዋርካው ማዶ ከልጆች ጋር ገመድ ትዘላለች። በወንበሯ ላይ አንድ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ተቀምጧል፤ ኃይሉ ምን እንደሆነ አልተጻፈም። በሌሎቹ ደብተሮች እንደሚሆነው መጀመሪያ በግማሽ አልዞረም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ነው የተሳለው።

"ጋሼ፣ ራስዎን አስወጡ እንዴ? ታዲያ ማን ሊስል ነው?" አሏቸው ልጆቹ።

"እናንተ ምትክ ፈልጉዋ! እኔ ደክሞኛል።"

ልጄ በዚያ ቀን ቀትር ላይ በሩን ዞራ አላየችውም። ወጥ አነሰኝ ብላ ተጣላችኝ። እየተቆጣኋት አለቀስኩ።

ጋሼ ይበልጣል የሱቁን ቁልፍ ለባለቤቱ ሰጥተው፣ "እኅቴን ላያት ነው፣ ሳምንት አልቆይም" ብለው ሞጣ ሄዱ። አልተመለሱም። ዐይናቸው ደክሟል የሚል ሰማሁ፤ ቆይቶ ከአልጋ አይነሡም የሚል ሰማሁ። አራት ዓመት ሙሉ፣ ልሂድና ልጠይቃቸው፣ እል ነበር። ስንቄን አሰናድቼ የተውኩበትም ጊዜ አለ። ምን ብዬ ልግባ? እንዴት ሰነበቱ ልበል?

ደሴ መርዶውን ሲነግረኝ ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ዝግ ነበር። የተከፈተው ለአርባቸው ነው። ብርቱካንን ወርቄ ዘንድ አስቀምጬ፣ "ከዐይንሽ እንዳትጠፋ" ብዬ አደራ ሰጥቼ፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሞጣ ስደርስ ተዝካሩ ተበልቶ ሰው መበተን ጀምሯል። ታላቅ እኅታቸውን፣ እትዬ ሙሉነሽን፣ ጓሮ ውስጥ ሰሃን ሲያጥቡ አገኘኋቸው። አጎንብሼ ማጠቡን ያዝኩ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ከአሥር ሰሃን በኋላ ይመስለኛል፣ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"እትዬ ሙሉነሽ፣ ከቢቸና ነው የመጣሁት። ወንድምዎን... ስማቸውን የጠራሁት እኔ ነኝ።"

እጃቸው ከሰሃኑ ላይ አልተነሣም። "የብርቱካን እናት ነሻ" አሉ። "ነግሮኛል። ትመጣለች ብሎኝ ነበር፤ ዘገየሽ።"

"ይፍቱኝ።"

"ከምኑ? ወንድሜ ስላንቺ ምን ይለኝ ነበር መሰለሽ። 'ሙሉዬ፣ ቢቸና ሳለሁ ብዙ ሰው ሱቄ መጥቶ የእኔን ሰው ተካልኝ ብሎኛል። በማን ስለው ሁሉም የጎረቤቱን ስም ጠርቶልኝ ወጣ። ጎረቤትየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ምንም አይሰማም። የሚጠራው ሰው ፊት ቆማ፣ ዐይኑን እያየች የጠራችው አንዲት ሴት ብቻ ናት' ይለኝ ነበር። ልጆቹ የቡድኑን ሰው አንተ እየመረጥክ ነው የምታስገባው ሲሉት ይስቅ ነበር። 'እኔ መቼ መረጥኩ? የሚመርጠው፣ ከስምንቱ አንዱን አብልጦ የሚወድ ሰው ነው' ይላል።"

"ሁሉም የጎረቤት ስም ነው የጠሩት?"

"ሁሉም።"

"ማን ማንን እንደጠራ ነግረውዎታል?"

"ለእኔ? ለነፍስ አባቱም አልነገረ። እዚያው ይዞት ገባ።"

የቀረውን ሰሃን አጥቤ ጨረስኩ። የልጄን ስም ማን እንደጠራ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ብርቱካን በማን ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ሰፈሩ በሙሉ አይቷል።

ከሞጣ እስከ ቢቸና ያለው መንገድ የዚያን ቀን አላልቅ አለኝ። ልጄ ያለችው ወርቄ ቤት ነው። ሾፌሩን ሦስት ጊዜ ፍጠን አልኩት፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ምነው፣ ሰው ሊሞትብሽ ነው?" አሉኝ።

ስገባ ብርቱካን በወርቄና በደሴ መካከል ተቀምጣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

"መጡ! እንኳን መጡ እትዬ የሺ" አለ ደሴ። "ይቺን ልጅ ይውሰዱልን፣ እኛን አስርባ እሷ ጠገበች።"

"ውሸታም! እሱ ነው እማ፣ ሥጋውን ሁሉ እሱ ነው የለቀመው!"

ወርቄ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሰው በዝቶ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ በዝቶ ነበር አልኳት። መንገዱን ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ "እኅትየውስ ምን አለችሽ?" ስትል እጇ ትሪው ላይ ቆመ። ዐይኗ ወደ ልጇ ሄዶ ተመለሰ።

"ምንም" አልኳት። "ምን ትላለች ብለሽ ነው?"

ጠቅልላ ልታጎርሰኝ እጇን ዘረጋች። ጎረስኩላት።

ወርቄን ያላጋለጥኳት ከደግነት አይደለም። ያን ቀን በዚያች ሱቅ ውስጥ ጋሼ ይበልጣል "በማን ልተካት?" ሲሉኝ፣ ከሁሉ ቀድሞ ወደ አፌ የመጣው የደሴ ስም ነበር። በሐሳቤ ብቻም አልቀረ፤ "ደ..." ብዬ ድምፅ አውጥቻለሁ። ጋሼ ይበልጣል ሰምተውኛል። ሰምተው እንዳልሰማ ሆነው፣ ተማስሎ ያለቀውን ቀለም እንደገና ማማሰል ጀመሩ። ወርቄንም እንደዚያው ጠብቀዋት ይሆናል። የስሙን ቀሪ እንድጨርስ የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የጠበቁኝ እስክተወው ነው።